ጠረጴዛው ሲወዛወዝ ሚስማር አትጨምሩበት

ሰሞኑን የመጡልኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ግማሹ ስለ አንድ ነገር ነው፦ ከተገኘ እንጨት፣ ከፓሌት፣ ከፈረሰ ነገር ተለቃቅሞ ስለተሰራ የስራ ጠረጴዛ። ሰሪው ይለያያል እንጂ ችግሩ ያው ነው፣ ተሰርቶ ሲያልቅ ያምራል፣ መጋዝ ሲነካው እስክስታ ይወርዳል። ስለዚ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለሱ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረጅም ነው፣ መልሱም እንደዛው፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንላቸዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ከፈረሰ ጣራ የወጣ ሞራሌና ከሁለት ፓሌት ላይ ያወለቅኩትን ጣውላ አሰባስቤ የስራ ጠረጴዛ ሰራሁ። ርዝመቱ 180 ሳንቲም፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 85 ነው። አራት እግር አለው፣ 5 በ 10 ሞራሌ፣ አናታቸውን ዙሪያውን በጣውላ አሰርኩና ገበታውን ከላይ መታሁበት። ቆሞ ሲታይ አንበሳ ነው። ግን መላጊያ ስገፋበት በርዝመቱ በኩል አብሮኝ ይሄድና ይመለሳል። ሚስማር ጨመርኩ፣ ሁለት ቀን ቀጥ አለና ባሰበት። ቪቴ አስገባሁ፣ አንድ ሳምንት ቆየ። አሁን ጭራሽ አንዱ እግር አናቱ ላይ ተሰነጠቀ። ታላቅ ወንድሜ «እንጨትህን አንድደውና ብረት አስበይድ» ይለኛል። እውነት ተስፋ የለውም?
— እልኸኛው

መልስ፦ ስማኝ እልኸኛው፣ እንጨቱን አታንድደው፣ ለወንድምህም ሰላም በልልኝ። ጠረጴዛህ ደካማ ሆኖ አይደለም፣ ሶስት ማዕዘን ስለሌለው ነው። ሌላው ሁሉ ከዛ የመጣ ነው።

አራት ቀጫጭን እንጨት ውሰድና ጫፍና ጫፋቸውን በአንድ አንድ ሚስማር እየመታህ አራት ማዕዘን ስራ፣ ከዛ አንዱን ጥግ ግፋው። ተጋደመ አይደል? ከእንጨቶቹ ግን አንዱም አልተሰበረም፣ አልታጠፈም፣ ጥጉ ላይ ብቻ ነው የዞሩት። አሁን አንዱን አውጣና በቀሩት ሶስቱ ሶስት ማዕዘን ስራ፣ በዛው በአንድ አንድ ሚስማር። ግፋው እስቲ። እንጨቱ ካልተሰበረ ወይ ሚስማሩ ካልተነቀለ ወዴትም አይሄድም። ያንተ ጠረጴዛ ከፊት ሲታይ የመጀመሪያው ነው፣ ሁለት እግር፣ ከላይ ጣውላ፣ ከታች ወለል።

ሚስማር ስትጨምር ለምን ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ከዛ እንደሚብስበት ልንገርህ፣ ምክንያቱም ይሄ ያልገባው ሰው እድሜ ልኩን ሚስማር ሲመታ ይኖራል። እግርህ 85 ሳንቲም ነው፣ አናቱ ላይ ያሉት ሚስማሮች ደግሞ የተመቱበት ጣውላ ጠባብ ስለሆነ በመሃላቸው ያለው ርቀት ቢበዛ 8 ሳንቲም ነው። እንግዲህ እግሩ ማንሻ ብረት ሆኗል ማለት ነው፣ አንተ የምትገፋው ኃይል ሚስማሮቹ ጋ ሲደርስ አስር እጥፍ ገደማ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሚስማሩ ብረት ነው፣ እሱ ይችለዋል፣ በዙሪያው ያለው እንጨት ግን ይጨፈለቅና ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል ይሆናል። አዲስ ሚስማር ስትጨምር ቀዳዳው ገና ጠባብ ስለሆነ ለጊዜው ይይዛል፣ ከዛ እሱም ይሰፋል፣ ሌላ ትጨምራለህ፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ የእንጨቱ መስመር ላይ ተሰልፈው እግሩን እንደ ማገዶ ይፈልጡታል። ያ ነው አናቱ ላይ የሆነብህ። ቪቴም ቢሆን ሁለት እንጨት ስቦ ለማጣበቅ ከሚስማር በጣም ይሻላል፣ ለጎን ግፊት ግን አትመካበት፣ በተለይ ያቺ ጥቁሯ የጂፕሰም ቪቴ ጠንክራ ነው የተሰራችው፣ ሚስማር ይታጠፋል እሷ ግን ቀጭ ትልና አንገቷ ላይ ትሰበራለች።

ስለዚ የምናደርገው ጥጉ ላይ ያለውን ትግል ከጥጉ ማራቅ ነው። ሶስት መንገድ አለህ፣ እኔ የምወደውን መጀመሪያ ልበልህ።

ከኋላ በኩል፣ አንተ በማትቆምበት ጎን፣ ከእግር እስከ እግር የሚደርስ ኮምፔርሳቶ ግጠምበት። ሙሉ በሙሉ እስከ ወለል መውረድ የለበትም፣ ከገበታው ስር ጀምሮ 30 ወይ 40 ሳንቲም ከወረደ ልዩነቱን እጅህ ላይ ታውቀዋለህ። ውፍረቱ 12 ሚሊ ቢሆን ጥሩ፣ 9ም ካለህ እሱኑ። ኮላ ቀባና በየ 15 ሳንቲሙ ቪቴ እሰር፣ ከእግሮቹም ጋር ከላይኛው ጣውላም ጋር። አንድ ወጥ ገበታ ማለት ሶስት ማዕዘን የሞላበት ነገር ነው፣ እንዲጋደም ከተፈለገ እራሱ ኮምፔርሳቶው መቀደድ አለበት። አሮጌ የቁምሳጥን ጀርባ ካገኘህ እሱም ይሆናል፣ ግን ያ ካርቶን የሚመስለው ስስ ነገር ከሆነ ሚስማሩ ዙሪያ ስለሚቀደድ ኮላውን አትሰስትበት። አያምርም ትለኝ ይሆናል። ግድግዳ ጋ ስታስጠጋው ማን ያየዋል?

ከስር እቃ የምታስገባበትና ከኋላም ክፍት እንዲሆን የምትፈልግ ከሆነ ሰያፍ ደጋፊ ምታበት፣ ማለት ጋደል ብሎ የሚሄድ እንጨት። ከእግሩ አናት 40 ሳንቲም ወርደህ፣ ከጥጉ 40 ሳንቲም በላይኛው ጣውላ ሄደህ፣ ሁለቱን ነጥብ የሚያገናኝ እንጨት ማለት ነው። ርዝመቱ 57 ሳንቲም ገደማ ይመጣል፣ ጫፎቹን በ 45 ዲግሪ ትቆርጣለህ። በረዘመ ቁጥር ይሻላል፣ አንዳንዱ ሰው ጥጉ ላይ የ 15 ሳንቲም ቁራጭ ይመታና «ደግፌዋለሁ» ይላል፣ ያ ጌጥ ነው። አንድ ነገር ደግሞ እወቅ፣ ደጋፊው ጫፎቹ ላይ በቡሎን ከታሰረ ሲገፋም ሲሳብም ይሰራል፣ ዝም ብሎ የተሰነቀረና በአንዲት ሚስማር የተያዘ ከሆነ ግን የሚሰራው ሲገፋ ብቻ ነው፣ ስለዚ የግራውን እግርና የቀኙን እግር በተቃራኒ አቅጣጫ ደግፍ፣ አንዱ ሲዝል ሌላው ይይዛል።

ሶስተኛው ከታች ማሰር ነው። ከወለሉ 15 ወይ 20 ሳንቲም ከፍ ብሎ እግርና እግሩን የሚያገናኝ ጣውላ። እዚ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጭን እንጨት መርጦ ነው። ሰፊ ጣውላ አምጣ፣ 15 ሳንቲም ወርድ ያለው፣ በጠርዙ አቁመህ እሰረው፣ ምክንያቱም ቅድም ያልኩህ የሚስማሮቹ ርቀት ነው ዋናው ነገር፣ ከ 8 ወደ 15 ስታሰፋው ጥጉ ላይ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ላይ ያለውንም ጣውላ በሰፊ ብትቀይረው ያው ነው። ከዛ እላዩ ላይ ተራፊ ጣውላ ደርድርበትና መደርደሪያ ይሆንልሃል።

የአጭሩን ጎን፣ ያን 60ውን፣ እንዳትረሳው። አሁን አልተወዛወዘብህም ምክንያቱም የምትገፋው በርዝመቱ ነው፣ መጋዝ በአግድም ስትይዝ ግን ታየዋለህ። እዛ ላይ እንኳን አንድ አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ከመታህ አበቃ።

አሁን ወደተሰነጠቀው እግር። ስንጥቁን በካቻቢቴ ትንሽ ከፈት አርገህ ኮላ ውስጡ ድረስ አስገባ፣ በቀጭን ላስቲክ ምናምን እየገፋህ፣ ከዛ በክላምፕ ወይ በገመድና በዱላ አዙረህ አጥብቀውና ሌሊቱን ተወው። ሲደርቅ ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ ቀዳዳ ብሳና ቡሎን ከሁለት ሮንዴላ ጋር አስገባበት። የቆዩትን ሚስማሮች ንቀላቸው፣ ቀዳዳቸው ውስጥ በኮላ የተነከረ የእንጨት ችንካር ሙላ።

እግሩን እንደ አዲስ የምትሰራው ከሆነ ግን፣ ለሌሎቻችሁም ጭምር ነው የምለው፣ ክብደቱ በብረት ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ ይረፍ። አንተ ላይኛውን ጣውላ እግሩ ጎን ላይ ለጥፈህ ነው የመታኸው፣ ስለዚ የገበታው፣ የሞርሳው (እቃ ጨምድዶ የሚይዘው ብረት)፣ የመዶሻው ሁሉ ሸክም በሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሙያ ያለው ሰው በመሮ እግሩን ይጎድጉድና ጣውላውን እዛ ላይ ያስቀምጠዋል። መሮ የማትችል ከሆነ ፓሌት ያለው ሰው በጣም ቀላል ዘዴ አለው፦ እግሩን ከአንድ ወፍራም እንጨት ሳይሆን ከሶስት ስስ ጣውላ በኮላ ደርበህ ስራው። 2 ሳንቲም ውፍረት ያላቸው ሶስቱ 6 ሳንቲም ይሰጡሃል። ሁለቱን ሙሉ ቁመት፣ የውጪኛውን ደግሞ በላይኛው ጣውላ ወርድ ልክ አሳጥረህ ትቆርጠዋለህ። ሲደረብ አናቱ ላይ ደረጃ ይፈጠራል፣ ጣውላው እዛ ደረጃ ላይ ቁጭ ይላል፣ መሮ ሳትነካ። ከታች ለምታስረውም እንደዛው፣ የውጪኛውን ጣውላ ለሁለት ቆርጠህ በመሃል ክፍተት ትተዋለህ። ከዛ ቡሎኑ ስራው እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። 10 ሚሊ ቡሎን በቂ ነው፣ በየጥጉ ሁለት ሁለት፣ አንዱ ከላይ ወደ ግራ ሌላው ከታች ወደ ቀኝ እንጂ በአንድ መስመር አይደለም። ሮንዴላው ሰፋ ያለ ይሁን፣ አለዚያ ዳዶው እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። ከወር በኋላ ደግሞ ተመልሰህ አጥብቃቸው፣ የተገኘ እንጨት ቤት ውስጥ ሲገባ ይደርቃል፣ ሲደርቅ በወርዱና በውፍረቱ ይቀጥናል (በርዝመቱ ከቁጥር አይገባም) ያኔ ቡሎኑ ይላላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰፈር ውስጥ የተጣሉ ፓሌቶችና ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላ አለ። ልጆች ስላሉኝ ትንሽ ፈራሁ፣ የትኛውን ብወስድ ይሻላል? ሚስማሩንስ እንዴት ነው ሳልሰብረው የማወጣው?
— የልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ መፍራትሽ ልክ ነው፣ ግን ሁሉም አያስፈራም። ፓሌቱ ጎን ላይ በእሳት የተቃጠለ ወይ በቀለም የተመታ ማህተም ፈልጊ፣ የስንዴ ዛላ የሚመስል ስዕል አለው። አጠገቡ ካሉት የላቲን ፊደላት ውስጥ «ኤች ቲ» የሚሉት ካሉ በሙቀት ነው የታከመው፣ እንጨቱ እስከ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው፣ ኬሚካል የለውም። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ እሱን ተዪው። ማህተሙ ጥሩ ሆኖ እንኳን ቅባት የጠጣ፣ የሚሸት፣ ምን እንደፈሰሰበት የማይታወቅ እድፍ ያለበት ከሆነ አትውሰጂው። ማህተሙ ፓሌቱ ከመጀመሪያው እንዴት እንደታከመ ነው እንጂ በኋላ ምን እንደተጫነበት አይነግርሽም።

ቀለሙ የኔን ልብ ይበልጥ ያስፈራዋል። የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ ተቀብቶ ዝም ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው አቧራ ነው ለልጅ አደገኛ የሚሆነው። አሮጌ ቀለም ያለውን ጣውላ እኔ ብሆን አልወስደውም። አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ የታከመ የውጪ እንጨት ካገኘሽም እንደዛው፣ የቆየው ዓይነት አርሴኒክ ያለበት ነው፣ ቁራጩንም ሰጋቱራውንም እሳት ውስጥ አትጨምሪው።

ነቀዝ መኖሩን ለማወቅ ቀዳዳ ማየት ብቻ አይበቃም፣ ቀዳዳው ከድሮ ሊሆን ይችላል። ጣውላውን ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጪና ሳትነኪው አንድ ሁለት ሳምንት ተዪው፣ አዲስ ዱቄት ከረገፈበት ውስጡ ነዋሪ አለ። የበሰበሰውን ደግሞ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አርጊው፣ ከገባ እዛው ጣይው።

ሚስማሩ። የፓሌት ሚስማር ብዙ ጊዜ ጠምዛዛ ነው፣ ጣውላውን በጫፉ በኩል ይዘሽ ስትፈነቅዪው ሚስማሩ ሳይወጣ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ሁላችንም የመጀመሪያውን ፓሌት እንደዛ ነው የጨረስነው። የሚሻለው በጣውላውና በስሩ ባለው ወፍራም እንጨት መሃል ትንሽ ክፍተት በሽብልቅ ከፍቶ በሴጌቶ ምላጭ ሚስማሩን እዛው መቁረጥ ነው። ያደክማል ግን ጣውላው ደህና ይወጣል። ጣውላው ላይ የቀረውን ጭንቅላት ከኋላ በቀጭን ብረት መተሽ ታስወጪዋለሽ። ከዛ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዘሽ ሁሉንም ጣውላ ዳብሺው። እኔ አንዴ «አይቼዋለሁ፣ ንፁህ ነው» ብዬ አዲስ የተሳለ መላጊያ አስነሳሁበት፣ አንዲት ጭንቅላት የሌላት ሚስማር ምላጩን እንደ መጋዝ ጥርስ አርጋ ቁጭ አረገችው፣ ግማሽ ቀን ስሞርድ ዋልኩ።

ጥያቄ፦ የተጣለ በር አለኝ፣ ለገበታ ይሆናል?

መልስ፦ አንኳኳው። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ከዚህ የተሻለ ገበታ አታገኝም፣ ወሬ የለውም ስራበት። ከበሮ ከሆነ ውስጡ ካርቶን ነው፣ ለመፃፊያ ጠረጴዛ ይበቃል፣ መዶሻ ግን ይበሳዋል። ሌላ ከሌለህ ስሩ በየ 40 ሳንቲሙ አግዳሚ እንጨት አስገባና እላዩ ላይ ወፈር ያለ ኮምፔርሳቶ ደርብበት።

የገበታ ነገር ከተነሳ ሁለት ቁጥር ያዙልኝ። ውፍረቱን እጥፍ ስታረጉት ጥንካሬው፣ ማለትም ያለመልመጡ፣ እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ነው የሚሆነው። ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለውን ርቀት በግማሽ ስትቀንሱትም እንዲሁ 8 እጥፍ። ስለዚ ስስ ጣውላ ብቻ ያለው ሰው ወፍራም ፍለጋ ከሚንከራተት ከስር አግዳሚ ይጨምር፣ ያውም አግዳሚውን በጠርዙ አቁሞ። 5 በ 10 ሞራሌ በጠርዙ ሲቆም ጋደም ካለው 4 እጥፍ አይለምጥም፣ ያው እንጨት፣ ማዞር ብቻ። ድርብ ጣውላ ስታረጉ ደግሞ በደንብ በኮላ ካልተጣበቀ ሁለቱ እየተንሸራተቱ የየራሳቸውን ነው የሚለምጡት፣ ያ 8 እጥፍ የሚመጣው አንድ ከሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ቁመቱ ስንት ይሁን? አንዱ 80 ይላል አንዱ 95 ይላል።

መልስ፦ የአንዱን ሰው ሜትር ለሌላው አትስጡ። የምትሰሩበትን ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ልቀቁት፣ ከወለሉ እስከ እጅ አንጓችሁ መታጠፊያ ለኩ። ለሁሉም ዓይነት ስራ እሱ ነው መነሻው። ስራችሁ በብዛት መላጊያ ከሆነ በሰውነት ክብደት ስለምትገፉ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ጥቃቅን ነገር የምትገጣጥሙ ከሆነ ጀርባችሁ እንዳይጎብጥ ከፍ ይበል። ከተጠራጠራችሁ አስረዝሙት፣ እግር ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ነው ጭንቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ አይወዛወዝም ግን በአንድ እግሩ ይቆማል። ረዘመ ያልኩትን ቆረጥኩ፣ ከዛ ሌላኛው ረዘመ፣ እሱንም ቆረጥኩ…
— እየቆረጥኩ ነው

መልስ፦ መጋዙን አስቀምጥ! የአጎቴ ልጅ እንደዚሁ ሲያደርግ ቆይቶ ጠረጴዛው ሊቀመጡበት የሚመች ሆኖ ነው ያቆመው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እይ። ጠረጴዛውን 90 ዲግሪ አዙረህ አስቀምጠው፣ የሚንሳፈፈው እግር ከተቀየረ ጥፋቱ የወለሉ ነው፣ እግር አይቆረጥም፣ ሽብልቅ አስገባበት። እዛው እግር ላይ ከቆየ ወይ እግሩ አጥሯል ወይ ገበታው ተጣሟል። መጣመሙን ለማየት ሁለት ክር ከጥግ ወደ ጥግ አቋርጠህ ወጥር፣ መሃል ላይ ሲገናኙ ልክ መነካካት አለባቸው፣ አንደኛው ሌላኛውን ከተጫነው ክሩን ገልብጠህ ድገመው፣ በመሃላቸው ክፍተት ካየህ ተጣሟል። አሰራሩ ላይ ስኳድራ (የጥጉን 90 ዲግሪ) ጠብቀህ ካልሰራህ ይሄ ይመጣል፣ ለሚቀጥለው 60 እና 80 ለክተህ በመሃላቸው 100 መምጣቱን አረጋግጥ፣ ከዛ ጥግና ጥጉን በሜትር አስተያይ፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሳትመታ አስተካክለው።

እግሩ ከሆነ ደግሞ፣ ደልዳላ ወለል ላይ አቁመውና ገበታው በሊቤላ (በውሃ ልክ) ልክ እስኪመጣ ድረስ ያጠሩት እግሮች ስር ሽብልቅ አስገባ። አሁን ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ውሰድ፣ ከትልቁ ክፍተት ትንሽ የሚወፍር፣ እላዩ ላይ እርሳስ አስተኝተህ ወለሉን እያስነካህ አራቱንም እግር ዙሪያቸውን አስምር። ሁሉም ላይ ያለው መስመር ከወለሉ እኩል ርቀት ነው፣ ያንን ተከትለህ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ትቆርጣለህ። ወለሉ አፈር ከሆነ እግሮቹ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ፣ የእንጨት ጫፍ ውሃ እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጠው፣ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ብትመታበትም ጥሩ ነው፣ መንሸራተቱንም ይይዝልሃል።

ጥያቄ፦ ሞርሳ ገጠምኩ፣ ከዛ ወዲህ ጠረጴዛው ሙሉውን ይንሸራተታል፣ ገበታውም ሞርሳው ጋ ይነጥራል። ግድግዳ ጋ ልሰረው?

መልስ፦ ግድግዳ ጋ ማሰር ካልተከለከልክ እሰረው፣ አያሳፍርም። ግን መጀመሪያ ሞርሳውን መሃል ላይ ነው አይደል የገጠምከው? አንስተህ እግር ካለበት ጥግ በላይ አድርገው፣ መዶሻው ቀጥ ብሎ በእግሩ ወደ መሬት ይወርዳል፣ መሃል ላይ ሲሆን ግን ገበታውን እንደ ከበሮ ነው የምትመታው። ከስር ወፍራም እንጨት ወይ የላሜራ ቁራጭ አድርገህ በቡሎን አሳልፈህ እሰር፣ በቪቴ አይሞከርም፣ አንድ ቀን እግርህ ላይ ይወድቃል።

መንሸራተቱ የቀላል ጠረጴዛ በሽታ ነው። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ደረቅ አሸዋ የሞላ ጄሪካን አስቀምጥ፣ 20 ሊትሩ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ውሃ ብትሞላው 20 ነበር። ሁለት ሶስቱን ስትደረድር ሌላ ጠረጴዛ ነው የሚሆነው። ላይኛው ገበታ ላይ አትከምርበት እንጂ፣ ክብደት ከታች ነው።

ጥያቄ፦ ሰርቼ ጨርሻለሁ፣ ቫርኒሽ ልቀባው?
— የጨረሰችው

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ገበታውን ቫርኒሽ አትቀቢው፣ ያንሸራትታል፣ በሶስተኛው ቀን ደግሞ ተቧጥጦ ታዝኛለሽ። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አርገሽ ቀብተሽ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጥረጊው፣ ኮላ ሲፈስበትም በቀላሉ ይለቃል። እግሩን እንደፈለግሽ።

ጨርቁን ግን ጨብጠሽ ጥግ ላይ እንዳትጥዪው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ አየር እየሳበ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይያያዛል፣ ያውም ሰጋቱራ ባለበት ቤት። ውጪ ላይ አንድ በአንድ ዘርግተሽ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ካልሆነም ውሃ ውስጥ ንከሪው።